ጠይም ሕፃን ከሐመር ቪኒል፦ በአዳማ የተሠራ የመጀመሪያ ሪቦርን አሻንጉሊት ቀለምና ዕቃ አመራረጥ

ጉዳዩ

አዳማ ውስጥ ሥዕል ማስተማር ከጀመርኩ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። ስለ ሸራ፣ ስለ ግድግዳ ሥዕል፣ ስለ ሱቅ ማስታወቂያ ጽሑፍ በየጊዜው እጠየቃለሁ። ባለፈው ዓመት ጥር ላይ ግን የአራስ ልብስ እየሰፋች የምትሸጥ ሴት አንድ የአሻንጉሊት እጅ በፌስታል ይዛ መጣችና «ጋሼ፣ ይሄ ነገር ለምን አይደርቅም?» አለችኝ። እጁ ላይ ቡናማ ቀለም ተቀብቷል። ከተቀባ 16 ቀን ሆኖታል። ጣቴን ሳሳርፍበት አሻራዬ ቀረበት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እስከ ሰኔ መጨረሻ አብረን ሠራን። አሻንጉሊቱ አልቆ ዛሬ ሱቋ ውስጥ አለ፤ ሁሉም ነገር ግን እንዳሰብነው አልሆነም። ከዚያ ወዲህ ተመሳሳይ ጥያቄ ይዘው የመጡ ሦስት ሰዎች አሉ። ሦስቱም የተሳሳቱት እሷ የተሳሳተችበት ቦታ ላይ ነው፤ ቀለም ሊገዙ ሲወጡ። ስለዚህ ፈቃዷን ጠይቄ፣ ስሟን ትቼ፣ የሆነውን እንደሆነ እጽፋለሁ።

ዳራ

ሪቦርን የሚባለው አሻንጉሊት አዲስ የተወለደ ሕፃን እስኪመስል ድረስ በእጅ የሚቀባ ነው። ሥራው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አሜሪካ ውስጥ እየተስፋፋ መጣ። በመጀመሪያ የሚደረገው ፋብሪካ የሠራውን አሻንጉሊት ፈትቶ፣ ቀለሙን አስለቅቆ እንደገና መቀባት ነበር፤ «ዳግም የተወለደ» የሚለው ስም የመጣውም ከዚህ ነው። አሁን ያልተቀባ ኪት ለብቻው ይሸጣል። በውስጡ ከለስላሳ ቪኒል የተሠሩ ጭንቅላት፣ ሁለት እጅና ሁለት እግር፣ እንዲሁም ከጨርቅ የተሰፋ ባዶ ገላ ይኖራል። ቆዳው፣ የደም ሥሩ፣ ጥፍሩ፣ ፀጉሩ፣ ክብደቱ የሠሪው ድርሻ ነው።

ልብስ ሰፊዋ አሻንጉሊቱን የፈለገችው ለሥራዋ ነበር። የምትሰፋቸውን ልብሶች መስቀያ ላይ ስትሰቅላቸው እናቶች መጠኑን መገመት ይቸገራሉ። ከገበያ የገዛችው አሻንጉሊት ደግሞ ፊቱ ነጭ፣ ዓይኑ ሰማያዊ ነው። አንዲት ደንበኛ ኮፍያውን አንስታ አይታ «የኔን ልጅ አይመስልም» ብላ እንደመለሰችው ነገረችኝ። ያቺ ቃል ውስጧ ቀርታ ነበር።

ውጭ አገር የምትኖር እህቷ ይህን ሰምታ 50 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያለው፣ ዓይኑን ጨፍኖ የተኛ ሕፃን ኪት ገዝታ በመንገደኛ ላከችላት። ርዝመቱ ከእውነተኛ አራስ ጋር እኩል ነው። ዓይኑ የተጨፈነ መሆኑም ለጀማሪ ጥሩ ነበር፤ የመስታወት ዓይን መርጦ መትከል ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። ቀለም ግን አልላከችም። ቀለም የትም ይገኛል ብላ ነው።

የተበላሸው እጅ

እውነት ነው፣ ቀለም የትም ይገኛል። ልብስ ሰፊዋ የሄደችው የሕንፃ መሣሪያ መሸጫ ሲሆን የገዛችውም ለበርና ለመስኮት የሚሆን የዘይት ቀለም ነበር። ያሰበችውን ስትነግረኝ ልወቅሳት አልቻልኩም፦ «ዝናብና ፀሐይ እየተፈራረቀበት የብረት በር ላይ ዓመታት የሚቆይ ቀለም፣ ቤት ውስጥ የሚቀመጥ አሻንጉሊት ላይ እንዴት አይቆይም?»

ችግሩ ያለው ቪኒሉ ላይ ነው። ቪኒል በተፈጥሮው ደረቅ ፕላስቲክ ነው። የአሻንጉሊት ቪኒል እንደ ሕፃን ሥጋ የሚለሰልሰው ዘይትነት ያለው ማለስለሻ ስለሚገባበት ነው። ይህ ማለስለሻ እዚያው ታስሮ አይቀርም፤ ቀስ እያለ ወደ ገጹ ይወጣል። የዘይት ቀለም ወይም በጠንካራ ማቅጠኛ የተሠራ ቀለም ሲገናኘው ሁለቱ ይዋሃዳሉ፣ ቀለሙም ጠንክሮ መያዝ አይችልም። ላዩ የደረቀ መስሎ ከሥሩ ለወራት ይጣበቃል። የሠዓሊ የዘይት ቀለምም፣ የጥፍር ቀለምም፣ ለእንጨት የሚቀባ ቫርኒሽም በዚህ ገጽ ላይ ተመሳሳይ ጣጣ ያመጣሉ።

እኔ ጋ ከመምጣቷ በፊት አንድ መካኒክ ጎረቤቷ በነጭ ጋዝ እንድትጠርገው መክሯት ነበር። ግማሹን ጠርጋዋለች። ቀለሙ ለቀቀ፤ ግን ጋዙ የነካው የመዳፉ ጀርባ ጨፍግጎና ከሌላው ደረቅ ብሎ ቀረ። ጋዙ ቀለሙን ብቻ ሳይሆን ማለስለሻውንም ይዞ ወጥቷል ማለት ነው። አሴቶንም ቢሆን ቪኒሉን ሊጎዳው ይችል ነበር። የቀረውን በአልኮልና በጥጥ ለብዙ ቀን ቀስ እያልን አነሳን። ቢጫማ ጥላ ግን እስከ መጨረሻው አልለቀቀም። ሌሎቹ ክፍሎች ገና አልተነኩም ነበርና ያንን እጅ የሙከራ እጅ አደረግነው፤ በኋላ ላይ ብዙ ነገር አስተምሮናል።

ሁለት መንገድ

ለቪኒል የሚሆን ቀለም በሁለት ይከፈላል፤ በሙቀት የሚጠና እና በአየር የሚደርቅ። የሥራው ባለሙያዎች ለረጅም ጊዜ የለመዱት በሙቀት የሚጠናውን ነው፤ ጀነሲስ የሚባለው ምርት ከነዚህ የታወቀው ነው። ይህ ቀለም በራሱ ጊዜ አይደርቅም። ዛሬ ቀብተኸው ነገ ብትመጣ እርጥብ ነው፤ ካልወደድከው ጠርገህ እንደገና ትጀምራለህ። የሚጠናው ወደ 130 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በሚደርስ ምድጃ ውስጥ ለ8 ደቂቃ ያህል ሲቆይ ነው። ቀለም የሚቀባው በስስ በስሱ ስለሆነ አንድ ክፍል አሥርና ከዚያ በላይ ጊዜ ምድጃ ይገባል።

በአየር የሚደርቀው አክሪሊክ ነው። ውኃው ሲተን በውስጡ ያለው ፕላስቲክ ተያይዞ ስስ ሽፋን ይሠራል። ምድጃ አያስፈልገውም፤ ግን በደቂቃዎች ውስጥ ይደርቃል፣ ከደረቀ በኋላም ማረም ከባድ ነው። ቪኒል ላይ የመያዝ አቅሙም ከሙቀቱ ቀለም ያንሳል፤ ገጹ በደንብ ካልጸዳ ይላጣል።

ሠዓሊ ነኝና ልቤ ያዘነበለው ወደ መጀመሪያው ነበር። ጊዜ የሚሰጥ ቀለም ለጀማሪ እጅ በረከት ነው። ውሳኔው ግን የተወሰነው ስለ ቀለም ሳይሆን ስለ ቤቷ ስናወራ ነው። ቤቷ ያለው ምድጃ ዳቦ የሚጋገርበት አንድ ብቻ ነው። ቪኒልና ቀለም የሚሞቅበት ምድጃ ደግሞ ምግብ ሊበስልበት አይገባም፤ ጭሱም ሕፃናት ባሉበት ጠባብ ቤት አይፈለግም። ሁለት ትናንሽ ልጆች አሏት፣ የምትኖረውም ሁለት ክፍል ተከራይታ ነው። «ምጣዱስ?» አለችኝ። የእንጀራ ምጣድ ከ130 ዲግሪ እጅግ አልፎ ይሄዳል፤ ቪኒሉ ፊቱን ቀይሮ ይሟሟል። ምድጃው ራሱ ቢሆን መደወያው ላይ የተጻፈው ቁጥርና ውስጡ ያለው ሙቀት አንድ መሆኑን የሚያረጋግጥ የምድጃ ቴርሞ ሜትር ይፈልጋል። ከዚህ ሁሉ በላይ መብራት አለ። ሥራዋን የምትሠራው ልጆቹ ከተኙ በኋላ፣ ማታ ነው፤ በሳምንት ውስጥ መብራት የማይጠፋበት ማታ ደግሞ መርጦ ማግኘት አይቻልም። ለአንድ አሻንጉሊት ተብሎ ሌላ ምድጃ መግዛት ትርጉም አልነበረውም።

አክሪሊክ መረጥን። ይህ ውሳኔ አንድ ሳንቲም ከመውጣቱ በፊት መወሰኑ ከዚያ በኋላ የመጣውን ወጪ ሁሉ አቀለለው፤ ማቅጠኛው፣ ቫርኒሹ፣ ብሩሹ፣ የምንሠራበት ሰዓት ሳይቀር ከሱ ተከትለው የሚመጡ ናቸውና።

ግዢው

ልብስ ሰፊዋ ጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ያየችውን 24 ቱቦ ያለው የተማሪ ቀለም ልትገዛ ፈልጋ ነበር። ብዙ ነው፣ ርካሽም ነው። እኔ አልኩ፦ ስድስት ቱቦ ብቻ፣ ግን የሠዓሊ ደረጃ። የተማሪ ቀለም ውስጥ የቀለሙ ዱቄት ትንሽ፣ መሙያው ብዙ ነው። ስስ አድርገህ ስትቀባው ምንም አይታይም፤ እንዲታይ ስታወፍረው የሕፃኑ የቆዳ ሽብሽብ ይሞላል፣ ያኔ ሥራው ያበቃለታል።

የመረጥናቸው ስድስቱ የሎ ኦከር የሚባለው አፈርማ ቢጫ፣ በርንት ሲየና የሚባለው ቀላ ያለ ቡናማ፣ በርንት አምበር የሚባለው ጠቆር ያለ ቡናማ፣ አልትራማሪን ሰማያዊ፣ አሊዛሪን ክሪምሰን የሚባለው ጥልቅ ቀይ፣ እና ቲታኒየም ነጭ ናቸው። ጥቁር አልገዛንም። አልትራማሪንና በርንት አምበር ሲቀላቀሉ ከቱቦ ጥቁር የበለጠ ሕይወት ያለው ጥቁር ይሰጣሉ፤ ለቅንድብና ለፀጉር የተጠቀምነውም ይህንኑ ነው። ቀለሞቹን ያገኘነው አዲስ አበባ ነው። ከአዳማ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ጠዋት ሄዳ ከሰዓት ተመለሰች።

እህቷ በሌላ መንገደኛ የላከቻቸው ሦስት ትናንሽ ጠርሙሶች ናቸው። አንዱ አክሪሊክ ማት ሚዲየም፣ ማለትም ቀለም የሚያሳሳ የማያብረቀርቅ ፈሳሽ፣ ሁለተኛው ማት ቫርኒሽ፣ ሦስተኛው ቀለም እንዳይደርቅ የሚያዘገይ ፈሳሽ ነው። ሚዲየሙ ለምን አስፈለገ ለሚል፣ አክሪሊክን በውኃ ብቻ ከመጠን በላይ ካቀጠኑት የሚያያይዘው ፕላስቲክ ይሳሳና ቀለሙ እንደ አቧራ ይነሳል። ስስነቱን የሚሰጠው ሚዲየሙ መሆን አለበት፣ ውኃው ጥቂት ጠብታ ብቻ። ቫርኒሹ ማት መሆኑም ግዴታ ነው፤ የሚያብረቀርቅ ሕፃን በላብ የተጠመቀ ይመስላል።

የቀረው ሁሉ ከዚሁ ከአዳማ ተገኘ። ለአሻንጉሊት ተብሎ የሚሸጥ ውድ ስፖንጅ ሳይሆን ባለ ሦስት ማዕዘን የሜካፕ ስፖንጅ። የተቀባውን ቀለም አዋህዶ ለማለስለስ ወፍራም የሜካፕ ብሩሽ። ለቅንድብ ደግሞ የውበት ሳሎን ዕቃ ከሚሸጥበት የተገዛ የጥፍር ማስዋቢያ ቀጭን ብሩሽ፤ ከእኔ የሥዕል ብሩሾች አንዱም እሱን አላከለም። ላርጎ፣ ከፋርማሲ አልኮል፣ ጓንት፣ ጥጥ። ክዳን ያላቸው ባዶ የቅባት ዕቃዎችን ከደንበኞቿ ሰበሰበች።

ሙከራ

ጭንቅላቱ ከጨርቁ ጋር የሚታሰርበት የአንገቱ ከንፈር ሲገጣጠም አይታይም። ሙከራው የተደረገው እዚያና በተበላሸው እጅ ላይ ነው። ሦስት ጭረት ቀባን፣ 24 ሰዓት ጠበቅን፣ ከዚያም በጥፍር ፋቅን፣ ስኮች ለጥፈን ነቀልን፣ ቪኒሉን አጠፍነው።

የመጀመሪያው ሙከራ ከስኮቹ ጋር ተነስቶ መጣ። ክፍሎቹ ከፋብሪካ ሲወጡ ከቅርጽ ማውጫው እንዲላቀቁ የሚቀባው ቅባት እንደሚኖርባቸው አውቅ ስለነበር በላርጎና ለብ ባለ ውኃ አሳጥቤያታለሁ። ታዲያ ምን ሆነ? ሁለት ቀን ፈጀብኝ ለማወቅ። ካጠበችው በኋላ እያገላበጠች ስታየው የነበረው ጠዋት ጠዋት ሎሽን በምትቀባው እጇ ነው። እንደገና ታጠበ፣ በአልኮል ተወለወለ፣ ከዚያ በኋላ ያለ ጓንት ማንም አልነካውም። ሁለተኛው ሙከራ ያዘ። ስኮቹም፣ ጥፍሩም፣ ማጠፉም አላነሳውም።

ጠይም ስንት ዓይነት ነው

እዚህ ላይ ጊዜ ወስጄ ልናገር፤ ከሥራው ሁሉ ያስጨነቀኝም ያስደሰተኝም ይህ ነውና።

እኛ የሰውን መልክ ስንለይ ቀይ፣ ቀይ ዳማ፣ ጠይም፣ ጠቆር ያለ እንላለን። አንዱ ከሌላው የሚለየው በጥቁረቱ መጠን ብቻ አይደለም፤ ከሥሩ በሚወጣው ሙቀትም ነው። ቀይ ዳማ ከሥሩ ወርቅ አለው። ጠይም ከሥሩ ቀይ ሸክላ አለው። እነዚህ ስሞች ግን በየትኛውም ቱቦ ላይ አልተጻፉም። ኪቱ ራሱ የመጣው ሐመር ሆኖ ነው፤ ሮዝ ያጠላበት ነጭ።

ልብስ ሰፊዋ የፈለገችው ጠይም ነው። የመጀመሪያ ውሑዷ በርንት አምበርና ነጭ ነበር። በሰሐን ላይ ጥሩ ይመስላል። በሙከራው እጅ ላይ ሲደርቅ ግን አመድማ ሆነ። ልጁ የታመመ መሰለ። ነጭ ቀለም ቡናማን ሲያቀላው ሙቀቱንም ይወስድበታልና። መፍትሔው ለማቅላት ነጭ አለመጠቀም ነው፤ ነጩን ሙሉ በሙሉ አንስተን በየሎ ኦከር ተካነው። ብርሃኑ ደግሞ ከቪኒሉ ከራሱ ይምጣ አልን። ቀለሙ እንደ ሻይ ስስ ሆኖ ሲደራረብ ሐመሩ ቪኒል ከሥር ያበራል። የሰው ቆዳም የሚመስለው ለዚህ ነው፤ ብርሃን ገብቶ ይመለሳል። ነጩን የተጠቀምንበት ለጥፍር ጫፍና በአራስ አፍንጫ ላይ ለሚታዩት ጥቃቅን ነጭ ነጠብጣቦች ብቻ ነው።

ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነበር። መጀመሪያ በሰማያዊ በጣም ስስ የሆነ የደም ሥር በግንባሩ ጎንና በእጅ አንጓው። ከዚያ በተቦጨቀ የዕቃ ማጠቢያ ስፖንጅ የተበታተነ ቀይ፣ የአራስ ቆዳ እንደሚዥጎረጎረው። ከዚያ የሎ ኦከርና በርንት ሲየና አምስት ዙር። ከዚያ በርንት አምበር እየተጨመረ አራት ዙር። ሰማያዊውና ቀዩ ተሸፍነው ጠፍተው ነበር የመሰላት፤ «ታዲያ ለምን ደከምን?» አለችኝ። ያለ እነሱ የተቀባውን የሙከራ እጅ አጠገቡ ሳስቀምጠው ዝም አለች። ያኛው የተቀባ ፕላስቲክ ነበር።

መዳፍና ውስጥ እግር ከሁለተኛው ዙር በኋላ አልተቀባም። የመዳፉ መስመር ብቻ በቀጭን ቡናማ ተሰመረ። የጣት አንጓ፣ ጉልበት፣ የጆሮ ጫፍና የጥፍር ሥር ከሌላው ጠቆር አሉ። የጆሮውን ነገር ያስታወሱን የልብስ ሰፊዋ እናት ናቸው። አንድ ቀን ቡና ሊጠጡ መጥተው አሻንጉሊቱን አዩና «ልጄ፣ አራስ እንዲህ አንድ ዓይነት አይሆንም። ሲወለድ ቀላ ይላል፤ የሚይዘውን መልክ የምታዪው ጆሮው ጫፍ ላይ ነው» አሏት። እሳቸው ስምንት ልጅ ወልደዋል። ጆሮውን አጠቆርነው፤ ፊቱን አንድ ዙር ቀነስነው።

ከንፈሩ ጠርዙ ቡናማ፣ ውስጡ በአሊዛሪን የሞቀ ሮዝ። አክሪሊክ ሲደርቅ እንደሚጠቁርም አንዘንጋ፤ እርጥቡ ልክ የመሰለ ውሑድ ሲደርቅ ያልፋል። ስለዚህ ከምንፈልገው ቀላ አድርገን ነው የምንበጠብጠው፣ መልኩንም የምንፈርደው በቀን ብርሃን መስኮት አጠገብ ነው።

አንድ ስህተት የኔ ነው። ለእጆቹና ለእግሮቹ የሚበቃ ውሑድ በአንድ ጊዜ መበጥበጥ ነበረብን። እጆቹንና ፊቱን ጨርሰን ውሑዱ አለቀ፤ እንደገና በዓይን ለክተን ሠራን። እግሮቹ ዛሬም ከእጆቹ በትንሹ ቀላ ይላሉ። ካልሲ ሲያደርግ አይታይም፤ እኔ ግን ባየሁት ቁጥር ይታየኛል።

ነፋስና አቧራ

የአዳማን ነፋስ የማያውቅ የለም፤ ከከተማው ዳር ያሉት የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች በከንቱ አልተተከሉም። በበጋ ቀትር ደረቁ ነፋስ ስስ አክሪሊክን ስፖንጅ ሳይነካው ያደርቀዋል። በመጀመሪያው ሳምንት እግሩ ላይ የስፖንጁ ጠርዝ መስመር እየሆነ ቀረ። ሚዲየሙ የተበላሸ መስሎን ነበር።

ሦስት ነገር ቀየርን። ሥራውን ወደ ንጋት፣ ከ12 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት ተኩል አደረግነው፤ መስኮቱ ተዘግቶ። ቀለሙን በሰሐን ፋንታ እርጥብ ስፖንጅ ላይ በተነጠፈ የመጋገሪያ ወረቀት ላይ አስቀመጥን፤ እንዲህ ሲሆን ለሰዓታት አይደርቅም። የሚያዘገየውን ፈሳሽ ጥቂት ጠብታ ጨመርን። ጥቂት ማለቴ ጥቂት ነው፤ አንድ ቀን አብዝታበት ሦስት ቀን ሙሉ ሲጣበቅ ዋለ።

ቫርኒሹ ላይ ደግሞ አቧራ ገባ። የመጀመሪያው ሽፋን በጠዋት ሲታይ እንደ አሸዋ ወረቀት ነበር። ሁለተኛውን የቀባነው ወለሉ በውኃ ተረጭቶ፣ ክፍሎቹ በንጹሕ ካርቶን ተሸፍነው ነው። ቀላል ነገር ይመስላል፤ ለጭንቅላቱ ግን ዘግይቶ ነበርና የግራ ጉንጩ ላይ ዛሬም ሻካራ ቦታ አለ።

ፀጉር፣ ሙላትና ክብደት

ይህ ክፍል አጭር ነው፣ ቀለሙን ያህል አላስቸገረንም። ባለሙያዎች ሞሄር የሚባለውን የፍየል ፀጉር በቀጭን ባለ ጥርስ መርፌ አንድ በአንድ ይተክላሉ። ለመጀመሪያ ሥራ ብዙ ነው፤ የሹሩባ ሰው ሠራሽ ፀጉር ደግሞ ወፍራምና አብረቅራቂ ስለሆነ አልሆነም። ፀጉሩን በጥፍር ብሩሹ ቀባነው፤ ኮፍያው ግማሹን ይሸፍናል።

ለሙላት የትራስ ፋይበር ተጠቀምን። የአገር ጥጥ እርጥበት ይዞ ይቋጠራል። ለክብደት ውጭ አገር የሚጠቀሙት ደቃቅ የመስታወት ፍሬ ነው። እሷ ጤፍ አስባ ነበር፤ እህል ከገባ ነፍሳትም ይገባል ብዬ ተውነው። የመስታወት ጨሌ ይሆን ነበር፤ እናቷ ግን «ሰው የሚመስል ነገር ውስጥ ጨሌ አታስገቢ» አሉ፤ እኛም አልተከራከርንም። በመጨረሻ ሰባት ጊዜ የታጠበ አሸዋ ፀሐይ ላይ ሙሉ በሙሉ ደርቆ፣ በሁለት ድርብ ጨርቅ ከረጢት ተሰፍቶ ገባ። የሚያቦን ደረቅ አሸዋ መንፋት ለሳንባ ጎጂ ስለሆነ የነፋነው እርጥቡን ነው። ጠቅላላ ክብደቱ 2 ኪሎ ግራም ሆነ፤ ቀኑን ሙሉ ልብስ ለምታለብሰውና ለምታወልቀው ሰው በቂ ነው። ለጡጦ መያዣ ከኪቱ ጋር የመጣውን ማግኔት አላስገባነውም። ሱቁ ሕፃናት ይዘው የሚመጡበት ነው፤ ማግኔት ተውጦ አንጀት ውስጥ ከተገናኘ የሚያደርሰው ጉዳት ከባድ ነው።

ልብስ ከለበሰ በኋላ

አክሪሊክ በደቂቃ ውስጥ ሲነካ ደረቅ ነው፤ ውስጡ እስኪጠና ግን ሳምንታት ይፈልጋል። ይህን ነግሬያታለሁ፤ እሷ ግን የበዓል ገበያ ደርሶባት ስለነበር በአራተኛው ቀን አለበሰችው። ክንዱ ላይ የሹራቡ ክር ተጣበቀ። አውልቀን ሁለት ሳምንት ተውነው፣ ክንዱ እንደገና ተቀባ።

የባሰው ቀይ ቀሚሱ ነው። ያልታጠበ አዲስ ደማቅ ጨርቅ ቪኒል ላይ ቀለሙን ይለቃል፤ ያ ማለስለሻ የጨርቁን ቀለም ስቦ ያስገባዋል። በሦስት ቀን ውስጥ አንገቱ ሥር ቀይ መስመር ወጣ። አልለቀቀም። ከዚያ ወዲህ ማንኛውም ደማቅ ልብስ ሳይታጠብ አይለብስም፣ ከሥሩም ነጭ ካናቴራ አለ። ለነገሩ ለደንበኞቿም የምትሰጠው ምክር ይኸው ሆኗል፤ የአራስ ልብስ ሳይታጠብ አይለበስም።

ያ በነጭ ጋዝ የተጎዳው እጅ በአልኮል ከጸዳ በኋላ ቀለም ያዘ፤ ግን ቆዳው ከሌላው የተለየ ጨፍጋጋ ነው። ለብቻው የሚሸጥ እጅ ማግኘት ስላልተቻለ ሕፃኑ የግራ እጁ ላይ ሁልጊዜ የአራስ ጓንት ያደርጋል። ጓንቱን ራሷ ሰፋችው። ብዙ ተሸጦላታል።

መስኮቱ ላይ

አሻንጉሊቱን መጀመሪያ ያስቀመጠችው መንገድ ዳር ባለው የሱቁ መስታወት ውስጥ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት አንዲት ሴት መስታወቱ ፊት ቆማ ስታለቅስ አገኘቻት። ልጇ ከተቀበረ ወር አልሞላውም። የተኛውን ፊት አይታ መራመድ አቅቷት ነበር። ልብስ ሰፊዋ አስገብታ ውኃ ሰጠቻት፣ አብራት ተቀመጠች፣ በዚያው ቀን አሻንጉሊቱን ከመስታወቱ አነሳችው።

እኔ ስለ ቀለምና ስለ ስፖንጅ ስጨነቅ ይህን ጨርሶ አላሰብኩትም። ዓይኑ የተጨፈነ ኪት ለጀማሪ ይቀላል ብያለሁ፤ አሁንም ይቀላል። ለሕዝብ በሚታይ ቦታ ግን ያ ፊት ለአንዳንድ ሰው ምን እንደሚመስል ከመግዛት በፊት ማሰብ ያስፈልጋል። አሁን ያለው ሱቁ ውስጥ፣ ልብስ መለኪያው ጠረጴዛ ላይ ነው፤ አጠገቡ «አሻንጉሊት ነው» የሚል ካርቶን አለ። ከመስታወቱ መነሳቱ ለቀለሙም በጀው፤ የአዳማ ፀሐይ ቪኒልንም ቀለምንም አይምርም።

ለሌላ ጀማሪ የሚሆነው

አዳማም ሆነ ሌላ ቦታ ሆኖ የመጀመሪያውን ኪት ለያዘ ሰው ከዚህ ሥራ የማስተላልፈው ይህ ነው። ቀለም ከመምረጥህ በፊት ቀለሙ እንዴት እንደሚጠና ወስን፤ ያንን የሚወስነው ደግሞ ያለህ ምድጃ፣ መብራትህና ቤትህ ውስጥ ያሉት ልጆች ናቸው። ለብቻው የሚውል ምድጃና አየር የሚገባበት ክፍል ያለው ሰው የሙቀቱን ቀለም ቢመርጥ እደግፈዋለሁ፤ ይቆያልም፣ ይታረማልም። ከሌለው በአክሪሊክ ጥሩ ሥራ ይሠራል፣ ግን በጽዳቱና በትዕግሥቱ ላይ መደራደር የለም።

ገንዘብህን ጥቂት ጥሩ ቱቦዎች፣ ሚዲየምና ማት ቫርኒሽ ላይ አውለው፤ ስፖንጅና ብሩሹ ከሜካፕ ሱቅ ይበቃሃል። ውሑድህን ለሁሉም ክፍል በአንድ ጊዜ በጥብጥ። ለኛ መልክ ነጭን ከቡናማ አርቅ። እያንዳንዱን አዲስ ነገር፣ ሳሙናውንም ጭምር፣ መጀመሪያ በማይታይ ቦታ ሞክር። አንድ ክፍል አስቀድሞ ከተበላሸብህ አትጣለው፤ የእኛ የግራ እጅ ባይኖር ኖሮ አመድማውን ቀለም ፊቱ ላይ ነበር የምናየው።

ሁለተኛው ኪት በቅርቡ ደርሷታል፤ ይህኛው ዓይኑን የገለጠ ነው። ቀይ ዳማ እንዲሆን ነው የምትፈልገው። የአንገቱ ከንፈር ላይ ሦስት የሙከራ ጭረት አለ፤ ትናንት 9ኛ ቀናቸው ነበር፣ 14 እስኪሞላ ማንም አይነካቸውም።